ከዲቪ ዕጣ ሌላ ያለው በር፦ ለተመራማሪዎች የተሰጠው የግሪን ካርድ መንገድ ምን ይጠይቃል?

ወደ አሜሪካ መሄድ ሲነሳ በአገራችን ቀድሞ ወደ አእምሮ የሚመጣው ዲቪ ነው። ፎርም ይሞላል፣ ዕጣ ይጠበቃል፤ የወጣለት ይሄዳል፣ ያልወጣለት ለከርሞ ይሞክራል። ዲቪን የፈጠረው ሕግ ሌላም በር አብሮ መክፈቱን ግን ብዙ ሰው አያውቅም። የአሜሪካ ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ1990 ያጸደቀው የኢሚግሬሽን ሕግ ለዕጣው በዓመት 55 ሺህ ቪዛ ሲመድብ፣ በሥራና በሙያ ለሚመጡ ሰዎችና ለቤተሰቦቻቸው ደግሞ 140 ሺህ ያህል መድቧል። ከዚህ ውስጥ 28.6 በመቶው፣ ማለትም 40 ሺህ ገደማው፣ «አንደኛ ምርጫ» ለሚባለው ክፍል የተሰጠ ነው። በዚህ ክፍል መጀመሪያ ላይ የተጠቀሱት በሳይንስ፣ በኪነ ጥበብ፣ በትምህርት፣ በንግድና በስፖርት «እጅግ የላቀ ችሎታ» ያላቸው ሰዎች ናቸው።

ይህ ጽሑፍ የሚያተኩረው በሳይንስ ሰዎች ላይ ነው። ከአዲስ አበባ፣ ከጅማ፣ ከሐረማያና ከሌሎች ዩኒቨርሲቲዎቻችን ወጥተው በማሌዥያ፣ በቱርክ፣ በሳዑዲ ዐረቢያ፣ በአውሮፓና በራሷ በአሜሪካ ሁለተኛና ሦስተኛ ዲግሪያቸውን የሠሩ፣ በላቦራቶሪና በምርምር ማዕከል የሚሠሩ ወንድሞችና እህቶች አሉን። ከእነሱ መካከል ይህን መንገድ «የኖቤል ተሸላሚዎች ነው» ብለው ሳይሞክሩ የሚተዉት አሉ። «እኛ እንጨርስልሃለን» የሚል ሰው አምነው ገንዘባቸውንም ስማቸውንም አደጋ ላይ የሚጥሉም አሉ። ሁለቱም ወገኖች የሚጎዱት በአንድ ምክንያት ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ምን እንደሆነ በትክክል አልተነገራቸውም።

ስሙ ያስፈራል፤ ጥያቄው ግን የማስረጃ ነው

መንገዱ በተለምዶ «ኢቢ-1ኤ» ይባላል። ደንቡ እጅግ የላቀ ችሎታ ያለው ሰው ማለት በሙያው ጫፍ ላይ ከደረሱት ጥቂቶች አንዱ የሆነ ሰው ነው ይላል። አመልካቹ በአገር አቀፍ ወይም በዓለም አቀፍ ደረጃ ጸንቶ የቆየ ዕውቅና እንዳለው፣ አሜሪካ ከገባ በኋላ በዚያው ሙያ እንደሚቀጥልና ሥራው ለአገሪቱ ጥቅም እንደሚሰጥ ማሳየት አለበት። «አገር አቀፍ» ሲባል የግድ በአሜሪካ ውስጥ የተገኘ ዕውቅና ማለት አይደለም።

ይህን መንገድ ከሌሎቹ የሚለዩት ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛ፣ አሠሪ አያስፈልግም። አመልካቹ ማመልከቻውን በራሱ ስም፣ ለራሱ ማስገባት ይችላል። ሁለተኛ፣ ሌሎች የሥራ ቪዛዎች የሚጠይቁት «ለዚህ ሥራ አሜሪካዊ አልተገኘም» የሚለው የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ እዚህ የለም። በደንቡ ውስጥ ይህን ያህል ዲግሪ ይኑረው የሚል መስፈርት እንኳ አልተቀመጠም።

ብቃቱን ማሳያ መንገዱ ሁለት ነው። የመጀመሪያው አንድ ታላቅ ዓለም አቀፍ ሽልማት ማግኘት ነው፤ ለምሳሌ ኖቤል። ግብጻዊው አሕመድ ዘወይል በ1999፣ ቱርካዊው አዚዝ ሳንጃር በ2015፣ ከፍልስጤማውያን ስደተኛ ቤተሰብ አማን ውስጥ የተወለደው ዑመር ያጊ ደግሞ በ2025 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸልመዋል። ሦስቱም የሠሩት አሜሪካ ነው። ይሁንና ሦስቱም አሜሪካ የገቡት ለትምህርት ነበር፤ ሽልማቱ የመጣው ከአሥርት ዓመታት በኋላ ነው። ኖቤልን ጠብቆ የሚያመለክት ሰው እንደሌለ ሕጉም ያውቃል። ስለዚህ ሁለተኛ መንገድ አስቀምጧል፤ ከአሥር መመዘኛዎች ቢያንስ ሦስቱን ማሟላት።

አሥሩ መመዘኛዎች

1. በሙያው ላቅ ላለ ሥራ የተሰጠ፣ በአገር ወይም በዓለም አቀፍ ደረጃ የታወቀ ሽልማት
2. የላቀ ውጤት ላላቸው ብቻ ክፍት በሆነ የሙያ ማኅበር ውስጥ አባልነት
3. ስለ አመልካቹና ስለ ሥራው በታወቀ መገናኛ ብዙኃን ወይም በሙያ መጽሔት የወጣ ጽሑፍ
4. የሌሎችን ሥራ በዳኝነት መገምገም
5. በሙያው ከፍተኛ ትርጉም ያለው አዲስና የራስ የሆነ አስተዋጽኦ
6. በሙያ መጽሔት የታተሙ የምርምር ጽሑፎች
7. በኪነ ጥበብ ኤግዚቢሽን የቀረበ ሥራ
8. ስመ ጥር በሆነ ድርጅት ውስጥ የመሪነት ወይም ወሳኝ ሚና
9. በሙያው ካሉት ጋር ሲነጻጸር ከፍ ያለ ደመወዝ
10. በትርኢታዊ ጥበባት የተገኘ የገበያ ስኬት

ሰባተኛውና አሥረኛው የኪነ ጥበብ ሰዎች ናቸው። ለተመራማሪ በአብዛኛው የሚያዋጡት አራተኛው፣ አምስተኛውና ስድስተኛው ናቸው፤ አንዳንዴ ስምንተኛው ይጨመራል። እነዚህን አንድ በአንድ እንመልከታቸው።

ጽሑፍ ማሳተም ከሁሉም ቀላሉ ነው። በባለሙያዎች የሚገመገም ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ያለው ሰው ይህን መመዘኛ ያሟላል። ግምገማም እንዲሁ ከብዙዎቹ እጅ የራቀ አይደለም። የጆርናል አዘጋጅ «ይህን ጽሑፍ ገምግምልን» ብሎ ሲልክ ብዙ ወጣት ተመራማሪዎች እንደ ትርፍ ሥራ ይቆጥሩታል፤ ሠርተው ሲልኩም የምስጋና ኢሜይሉን ይሰርዙታል። ያ ኢሜይል ማስረጃ ነው። መጋበዝ ብቻውን ግን አይበቃም፤ ግምገማውን በእርግጥ መሥራታችሁ መታየት አለበት።

ከባዱ አምስተኛው ነው። «አዲስ ነገር አግኝቻለሁ» ማለት አንድ ነገር ነው፤ «ያገኘሁት ነገር ሙያውን ለውጧል» ማለት ሌላ ነው። ልዩነቱን በአገራችን ሰው ሥራ ማየት ይቻላል። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት ድርቅንና አቀንጭራን የሚቋቋሙ የማሽላ ዝርያዎችን በማውጣታቸው ነው። እሳቸው በዚህ ቪዛ የመጡ ባይሆኑም ነገሩን ለማስረዳት ሥራቸው ይጠቅማል። የሥራው ክብደት የሚለካው በታተመው ወረቀት ብዛት ሳይሆን ዝርያው ገበሬው ማሳ ላይ በመድረሱ ነው። ከአመልካችም የሚፈለገው እንዲህ ያለ ዱካ ነው፤ ሌሎች ተመራማሪዎች ዘዴውን ወስደው እየሠሩበት መሆኑ፣ ሆስፒታል ወይም ፋብሪካ ሥራ ላይ ማዋሉ፣ የባለቤትነት መብት ተመዝግቦ ለድርጅት መሰጠቱ፣ በመንግሥት መመሪያ ውስጥ መግባቱ።

ቆጠራው ካለቀ በኋላ ያለው ፈተና

ሦስት መመዘኛ ማሟላት በሩ ላይ መድረስ እንጂ መግባት አይደለም። ይህ የተለየው «የካዛሪያን ጉዳይ» በሚባለው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። አመልካቹ ከአርሜኒያ የመጣ የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ባለሙያ ነበር። ማመልከቻው ውድቅ ሲሆንበት ጉዳዩን እስከ ዘጠነኛው ወረዳ የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት አደረሰው፤ ፍርድ ቤቱም በ2010 ውሳኔ ሰጠ።

ውሳኔው ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል ፍርድ ቤቱ ኢሚግሬሽኑን ገሠጸ፤ ደንቡ «ጽሑፍ ማሳተም» ብሎ እያለ መሥሪያ ቤቱ «ጽሑፉ በሌሎች ተመራማሪዎች መጠቀሱን አሳይ» የሚል ተጨማሪ መስፈርት ከራሱ ማምጣት አይችልም አለ። በሌላ በኩል ግን አመልካቹ ያሟላው ሁለት መመዘኛ ብቻ ነው ብሎ ክልከላውን አጸና። አመልካቹ በኋላ በ2017 የፊዚክስ ኖቤል ካገኙት ከካልቴኩ ኪፕ ቶርን ሳይቀር የድጋፍ ደብዳቤ አቅርቦ ነበር። ደብዳቤው ችሎታውን አመስግኗል። ሆኖም ፍርድ ቤቱ ስለ ሥራው ከተጻፉት ደብዳቤዎች ያጣው ነገር ነበር፤ ሥራው በሙያው ላይ ያመጣው ለውጥ በተጨባጭ አልታየም።

ከዚህ ውሳኔ በኋላ መሥሪያ ቤቱ ማመልከቻን በሁለት ደረጃ ይመለከታል። በመጀመሪያው ደረጃ ማስረጃው ከመመዘኛዎቹ ሦስቱን ያሟላ እንደሆነ ይቆጠራል። በሁለተኛው ደረጃ ማስረጃው ሁሉ በአንድ ላይ ተይዞ «ይህ ሰው በእውነት በሙያው ጫፍ ላይ ካሉት አንዱ ነው?» ተብሎ ይመዘናል። ብዙዎች የሚወድቁት በሁለተኛው ነው። አምስት ጽሑፍና ሁለት ግምገማ ያለው ሰው የመጀመሪያውን ደረጃ ሊያልፍ ይችላል፤ በሁለተኛው ግን በዚያው ሙያ ካሉት ሌሎች ጋር ሲነጻጸር የት እንደቆመ መታየት ይኖርበታል። ጽሑፎቹ ስንት ጊዜ ተጠቅሰዋል? በዚያ ዘርፍ፣ በዚያ ዓመት ከወጡት ጋር ሲወዳደሩስ? የወጡበት ጆርናል ደረጃው ምንድን ነው?

የማስረጃው ሚዛን ግን እንደ ወንጀል ክስ «ያለ ጥርጥር» የሚል አይደለም። አመልካቹ የሚለው ነገር እውነት መሆኑ ከአለመሆኑ ይልቅ የሚያመዝን ከሆነ በቂ ነው።

የደብዳቤው ምስክርነት

ከካዛሪያን ጉዳይ የሚወሰደው ትልቁ ትምህርት ስለ ድጋፍ ደብዳቤ ነው። እንደ እኛ ልማድ ደብዳቤ ሲጠየቅ «ታታሪ፣ ጨዋ፣ ጎበዝ» ብሎ ማሞገስ የተለመደ ነው። መርማሪው ፊት ይህ ክብደት የለውም። ደብዳቤ ጸሐፊው ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ያየውን ይናገራል። «እኔ በዚህ ዓመት፣ በዚህ ላቦራቶሪ፣ የእሷን ዘዴ ተጠቅሜ ይህን ውጤት አገኘሁ፤ ከዚያ በፊት ይህን ማድረግ አንችልም ነበር» የሚል አንድ አንቀጽ ከሁለት ገጽ ውዳሴ ይበልጣል።

ከአማካሪ ፕሮፌሰር ወይም ከሥራ ባልደረባ የሚመጣ ደብዳቤ ይጠቅማል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። አመልካቹን በአካል የማያውቅ፣ በሥራው ብቻ የሚያውቀው ሰው ቢመሰክር ክብደቱ ይጨምራል። ደብዳቤ የሰነድ ማሟያ እንጂ ምትክ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ኢቢ-1ኤ ከከበደስ?

ከጎኑ ሦስት ሌሎች መንገዶች አሉ።

*ኢቢ-1ቢ* ለላቁ ፕሮፌሰሮችና ተመራማሪዎች የተሰጠ ነው። ከስድስት መመዘኛዎች ሁለቱን ማሟላትና ቢያንስ የሦስት ዓመት የማስተማር ወይም የምርምር ልምድ ይጠይቃል። መስፈርቱ ከኢቢ-1ኤ ቀለል ይላል፤ ነገር ግን ቋሚ የሥራ ቦታ የሚሰጥና ራሱ የሚያመለክት ዩኒቨርሲቲ ወይም የምርምር ተቋም ያስፈልጋል። የግል ድርጅት ከሆነ ቢያንስ ሦስት የሙሉ ጊዜ ተመራማሪዎች ያሉት መሆን አለበት።

*የብሔራዊ ጥቅም መንገድ* በኢቢ-2 ክፍል ውስጥ ያለ ሲሆን በአጭሩ «ኤንአይደብልዩ» ይባላል። ማስተርስና ከዚያ በላይ ወይም የመጀመሪያ ዲግሪና ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት እያደገ የመጣ የሥራ ልምድ ያለው ሰው ያለ አሠሪ፣ በራሱ ስም ሊጠይቅበት ይችላል። መለኪያው የተቀመጠው በዲሴምበር 2016 «ዳናሳር» በሚባለው ውሳኔ ነው፤ አመልካቹ የኤሮስፔስ ምህንድስና ተመራማሪ ነበር። ጥያቄዎቹ ሦስት ናቸው፤ ልትሠሩት ያሰባችሁት ሥራ ትርጉም ያለውና ለአገሪቱ የሚጠቅም ነው? እናንተስ ልትሠሩት የምትችሉበት ቦታ ላይ ናችሁ? የአሠሪና የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ማረጋገጫ ቢቀርላችሁ አገሪቱ ትጠቀማለች? ኢቢ-1ኤ በአመዛኙ የሠራችሁትን ሲመዝን፣ ይህኛው ልትሠሩት ያሰባችሁትንም ይመዝናል። ገና መንገድ ላይ ላለ ተመራማሪ የሚስማማውም ለዚህ ነው።

*ኦ-1* ጊዜያዊ ቪዛ ነው። መመዘኛዎቹ ከኢቢ-1ኤ ጋር ይመሳሰላሉ፤ ከስምንት ሦስት ነው የሚጠየቀው። አመልካቹ አሜሪካ ውስጥ ያለ አሠሪ ወይም ወኪል መሆን አለበት። እስከ ሦስት ዓመት ይሰጣል፤ ከዚያ በዓመት በዓመት ሊራዘም ይችላል። በዓመት ይህን ያህል ብቻ የሚል የቁጥር ገደብም የለበትም።

አንድ ሰው በኢቢ-1ኤም በኤንአይደብልዩም በአንድ ጊዜ ማመልከት አይከለከልም። እያንዳንዱ ግን የየራሱ ማመልከቻና ክፍያ አለው።

ወረፋው የሚቆጠረው በትውልድ አገር ነው

ማመልከቻ መጽደቅና ግሪን ካርድ መያዝ አንድ አይደሉም። ሕጉ ለአንድ አገር ተወላጆች ከዓመቱ ቪዛ ከ7 በመቶ በላይ እንዳይደርስ ይገድባል። ሕንድና ቻይና የተወለዱ ሰዎች ወረፋ የሚረዝመው በዚህ ምክንያት ነው። ለኢትዮጵያ ተወላጆች በኢቢ-1 በኩል እንዲህ ያለ ረጅም ወረፋ የተለመደ አይደለም። በኢቢ-2 ግን በ2022 መጨረሻ ለሁሉም አገሮች ወረፋ ተጀምሮ ነበር። ሁኔታው በየወሩ ስለሚለዋወጥ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በየወሩ የሚያወጣውን የቪዛ ቡለቲን ማየት ያስፈልጋል።

የሚቆጠረው የተወለዳችሁበት አገር እንጂ የምትኖሩበት ወይም ፓስፖርቱን የያዛችሁበት አገር አይደለም። ደሴ ተወልዶ በሳዑዲ ቱወል በሚገኘው የንጉሥ ዐብዱላህ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራ ተመራማሪ በኢትዮጵያ ሥር ይቆጠራል። ሕንድ ተወልዶ ኢትዮጵያዊት ያገባ ሰው ደግሞ በሚስቱ ትውልድ አገር እንዲቆጠር መጠየቅ ይችላል።

ከወረፋው በተጨማሪ በቪዛ አሰጣጥ ላይ የሚወጡ ገደቦች አሉ። በጁን 2025 በወጣው የፕሬዚዳንቱ አዋጅ ኤርትራ፣ ሶማሊያ፣ ሱዳንና የመን ሙሉ ገደብ ከተጣለባቸው አገሮች መካከል ገብተዋል። በጃንዋሪ 2026 ደግሞ የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ኢትዮጵያን ጨምሮ ለ75 አገሮች ዜጎች የኢሚግራንት ቪዛ መስጠቱን እንደሚያቆም አስታውቋል። ይህ ውሳኔ በኤምባሲ የሚሰጠውን ቪዛ የሚመለከት ነው፤ ማመልከቻውን ማዘጋጀትንና ማስገባትን አይከለክልም። ሆኖም አዲስ አበባ ወይም ሪያድ ሆኖ የሚያመለክት ሰው ሥራውን ከመልቀቁና ንብረቱን ከመሸጡ በፊት የወቅቱን ሁኔታ ማረጋገጥ ግድ ይለዋል።

ሂደቱና ወጪው

የግሪን ካርድ መንገዶቹ ሁሉ የሚጀምሩት «አይ-140» በሚባለው ቅጽ ነው። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ የቅጹ ክፍያ 715 ዶላር ሲሆን፣ ለራሱ የሚያመለክት ሰው 300 ዶላር ተጨማሪ ይከፍላል። መልሱን በፍጥነት የሚፈልግ ከ2,800 ዶላር በላይ ጨምሮ መክፈል ይችላል፤ ለኢቢ-1ኤ መልሱ በ15 የሥራ ቀን፣ ለኤንአይደብልዩ በ45 የሥራ ቀን ውስጥ ይሰጣል። ይህ ክፍያ የሚገዛው ፍጥነትን ብቻ ነው፤ የመጽደቅን ዕድል አይጨምርም።

መርማሪው ማስረጃው ካልበቃው ተጨማሪ እንዲቀርብ በደብዳቤ ሊጠይቅ ይችላል፤ ለዚህ የሚሰጠው ጊዜ እስከ 84 ቀን ነው። ይህ ደብዳቤ መጣ ማለት ነገሩ አበቃ ማለት አይደለም። ውድቅ ቢሆን እንኳ ይግባኝ ማለት ወይም ማስረጃን አጠናክሮ እንደገና ማመልከት ይቻላል።

ማመልከቻው ከጸደቀና ወረፋ ከደረሰ በኋላ፣ በሕጋዊ መንገድ አሜሪካ ያለ ሰው «አይ-485» በሚባለው ቅጽ እዚያው ሊጨርስ ይችላል፤ ውጭ ያለው በኤምባሲ በኩል ይጨርሳል። የትዳር ጓደኛና ከ21 ዓመት በታች ያሉ ያላገቡ ልጆች አብረው ይካተታሉ።

እኛን በተለይ የሚመለከቱ ነጥቦች

*የስም አጻጻፍ።* መሐመድ የሚለው ስም በላቲን ፊደል በ«ኦ» ወይም በ«ዩ»፣ በአንድ «ኤም» ወይም በሁለት ይጻፋል። አሕመድ፣ ሑሴን፣ ፋጢማም እንዲሁ ናቸው። በዚህ ላይ እኛ የቤተሰብ ስም ስለሌለን አንዱ ጽሑፍ ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም መጨረሻ ይሆናል። ውጤቱ የአንድ ሰው ሥራ በሦስት ሰው ስም ተበታትኖ መገኘት ነው። ከመጀመሪያው ጽሑፍ ጀምሮ በፓስፖርቱ አጻጻፍ መጠቀም፣ «ኦርኪድ» የሚባለውን የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ማውጣትና በጉግል ስኮላር ያለውን ገጽ ማስተካከል ይህን ያቃልላል።

*የጋብቻ ሰነድ።* ኒካሕ አስረው በመንግሥት መዝገብ ያላስመዘገቡ ባልና ሚስት ብዙ ናቸው። ሚስትን ወይም ባልን ለማካተት ኤምባሲው የሚጠይቀው የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የጋብቻ ምስክር ወረቀት ነው፤ በጊዜ ማውጣቱ ይመከራል። ከአንድ በላይ ትዳር ይዞ እዚያ ለመኖር የሚመጣ ሰውን የአሜሪካ ሕግ በስደተኛነት አያስገባም። ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ይገባል።

*ትርጉም።* በዐማርኛ፣ በዐረብኛ ወይም በቱርክኛ የተጻፈ ሰነድ ሁሉ ሙሉ የእንግሊዝኛ ትርጉም ሊኖረው ይገባል። ተርጓሚውም ሁለቱን ቋንቋ እንደሚችልና ትርጉሙ ትክክል መሆኑን በፊርማው ያረጋግጣል።

*ጄ-1 እና የትምህርት ውል።* በጄ-1 ቪዛ፣ በተለይም በመንግሥት ገንዘብ የሚደገፍ የትምህርት ዕድል አግኝተው የሄዱ ብዙዎች ወደ አገራቸው ተመልሰው ሁለት ዓመት የመቆየት ግዴታ አለባቸው። ይህ ግዴታ ያለበት ሰው አይ-140 ቢጸድቅለትም ግዴታውን ሳይፈጽም ወይም ምሕረት ሳያገኝ ግሪን ካርድ አይወስድም። ቪዛው ላይ የተጻፈውን ማየት የመጀመሪያው እርምጃ ነው። ዩኒቨርሲቲው ልኮት «ተመልሼ አገለግላለሁ» ብሎ የፈረመ መምህርም ያ ውል ቃል ነው፤ ተያዥ የሆነለትን ሰው ዕዳ ውስጥ ጥሎ መቅረትን ግሪን ካርድ አያጸዳውም።

የሚሸጥ «ማስረጃ»

የዚህ መንገድ ዝና ሲሰፋ ገበያውም ተከትሎ መጥቷል። ገንዘብ ለከፈለ ሁሉ የሚሰጥ «ዓለም አቀፍ ሽልማት»፣ ማንም ከፍሎ የሚገባበት «የላቁ ባለሙያዎች ማኅበር»፣ ሳይገመግም የሚያትም ጆርናል፣ ሥራህ ተጠቀሰ ለማስባል የሚሸጡ ጥቅሶች፣ ባልሠራኸው ጽሑፍ ላይ ስምህን የሚጨምር ደላላ። ይህ ሁሉ ሁለት ጊዜ ያከስራል። መጀመሪያ፣ መርማሪዎቹ ዘዴውን ያውቁታል፤ የተገዛ ሽልማት ከእውነተኛው ማስረጃ አጠገብ ሲቀመጥ እውነተኛውንም ያስጠረጥራል። ሁለተኛ፣ ቅጹ የሚፈረመው በሐሰት ቢገኝ በሕግ እንደሚያስጠይቅ ታውቆ ነው። ለኢሚግሬሽን ጥቅም ሲባል ወሳኝ በሆነ ነገር ላይ ሐሰት ያቀረበ ሰው አሜሪካ እንዳይገባ የሚጣልበት ክልከላ የዕድሜ ልክ ነው። «ደላላው ነው የሞላው» ማለት የፈረመውን አያድንም።

በአሜሪካ ሕግ በኢሚግሬሽን ጉዳይ የሕግ ምክር መስጠት የሚችለው ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም የፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ዕውቅና የሰጠው ተወካይ ብቻ ነው። የጠበቃን ፈቃድ በየግዛቱ የጠበቆች ማኅበር ድረ ገጽ ላይ በነፃ ማጣራት ይቻላል። «መቶ በመቶ ይጸድቃል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ ሌላ ጠበቃ የምትፈልጉበት ምክንያት እሱ ራሱ ሰጥቷችኋል።

ከዛሬ የሚጀመር ሥራ

ይህ መንገድ ከዲቪ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ ዕጣን ማዘጋጀት አይቻልም፣ ማስረጃን ግን ይቻላል። ገና ሦስተኛ ዲግሪውን የሚሠራ ሰው ማመልከቻውን ለዓመታት ላያስገባ ይችላል። ዶሴውን ግን ዛሬ መክፈት ይችላል። የግምገማ ግብዣዎችንና የምስጋና ኢሜይሎችን በአንድ ቦታ ያስቀምጥ። በጉባኤ ላይ ያቀረበበትን ፕሮግራም ይያዝ። ሥራውን ተጠቅመው የጻፉትን ተመራማሪዎች ይመዝግብ፤ ነገ ምስክር የሚሆኑት እነሱ ናቸው። የሠራው ሥራ የአገሩን ገበሬ፣ በሽተኛ ወይም ተማሪ የጠቀመ ከሆነ ያንንም በሰነድ ያስደግፍ። እንዲህ ያለ ዶሴ ለቪዛ ባይውል እንኳ ለሥራ፣ ለዕድገትና ለምርምር ድጋፍ ይጠቅማል።

ለሚያመለክቱ ሁሉ የመጨረሻው ምክር አጭር ነው። ያላችሁን አታሳንሱ፣ የሌላችሁን አትጨምሩ። ሕጉ የሚመዝነው የሠራችሁትን ነው፤ የሠራ ሰው ሥራውን በሥርዓት ካስቀመጠ የሚናገርለት አያጣም። አላህ ለሁላችሁም ኸይር የሆነውን ያግራላችሁ።